ዣንጥላው የታጠፈበት ጠዋት

ኮሎኔሉን ጄኔራሎቹ «ቋጣሪው» ይሉታል። ፊት ለፊት አይሉትም እንጂ እሱም ያውቃል፤ ከበር ሲገባ ወሬ ድንገት የሚቋረጥበት ሰው ቅጽል ስም እንደወጣለት ለመገመት ጠንቋይ ቤት መሄድ የለበትም። የአየር ኃይሉ የዘመቻ ኃላፊ ነው። ሥራው አውሮፕላን ማሰማራት ሆኖ ሳለ፣ አውሮፕላን ስጠኝ ብሎ ለመጣ ሁሉ መጀመሪያ የሚመልሰው ቃል «ለምን?» የሚል ነው። ቋጣሪ ያሰኘው ይኸው ነው። እውነቱን ለመናገር ግን በእጁ የቋጠረው አንዳች ነገር አልነበረም። ያለውን ሁሉ ወስደውበታል።

ነገሩ የተበላሸው ጦርነቱ በተጀመረ ሰሞን ነው። ሦስቱ የክፍለ ጦር አዛዦች፣ የተራራው፣ የሜዳውና የድልድዩ፣ እያንዳንዳቸው «አናቴ ላይ የሚያንዣብብ የራሴ አውሮፕላን ከሌለኝ እንቅልፍ አይወስደኝም» አሉ። ዋና አዛዡም ማንንም ላለማስቀየም ብለው ያሉትን አውሮፕላኖች እንደ ውርስ መሬት ሸነሸኗቸው። ከዚያ ወዲያ አውሮፕላኑ ሁሉ ባለቤት አገኘ። ጅራታቸው ላይ የየክፍለ ጦሩ ምልክት ተቀባ። አብራሪዎቹ ከአዛዡ ማዕድ ይበላሉ፤ አዛዡም እንግዳ በመጣ ቁጥር እየጎተተ ወስዶ አውሮፕላኖቹን ያስጎበኛል። በየማለዳው ጥንድ ጥንድ ሆነው ይነሡና የየራሳቸው ጦር አናት ላይ ክብ ሲሠሩ ይውላሉ። ይህን ነው «ዣንጥላ» ያሉት። ወታደሩ ቀና ብሎ ሲያያቸው ደስ ይለዋል፤ አዛዡም ደስ ይለዋል። ከሁሉም አብልጦ ደስ የሚለው ግን ጠላት ነበር።

ጠላት አውሮፕላኖቹን አልሸነሸነማ! ጉሙ እስኪነሣ ይጠብቅና ሁሉንም በአንድ ላይ አስነሥቶ፣ ከሦስቱ ዣንጥላዎች አንዱን መርጦ ይወርድበታል። ብቻቸውን የሚዞሩ ሁለት ልጆች ያ ሁሉ መንጋ ሲመጣባቸው ምን ያድርጉ? የቀሩት ዣንጥላዎች ያን ጊዜ ጭር ባለ ሰማይ ላይ ነዳጃቸውን እያቃጠሉ ይዞራሉ። ለጎረቤት ለመድረስ የባለቤታቸው ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ባለቤቱ ደግሞ ምን ቆርጦት ይፈቅዳል? ነገ በእሱ ላይ ቢመጡስ?

አንድ ሳምንት የሜዳው ዣንጥላ ወደቀ። ሁለቱንም አብራሪዎች መብረር ያስተማራቸው ቋጣሪው ራሱ ነበር። አንደኛው ተማሪ ሳለ ባረፈ ቁጥር ጎማ እየጨረሰ መካኒኮቹን ያስለቀሰ ልጅ ነው። ቋጣሪው የልጁን ሻንጣ ለአባቱ በገዛ እጁ አስረከበና በቀጥታ ወደ ስብሰባ ሄደ። ዓይኑ ደም መስሎ ነበር።

የስብሰባው ክፍል ረጅም ጠረጴዛና ከላዩ በመስታወት ሥር የተዘረጋ ትልቅ ካርታ አለው። ጣሪያው ላይ የሚዞረው ማራገቢያ ሲጥ ሲጥ ይላል፤ ዘይት ይቀባ ከተባለ ስንት ዘመኑ ነው።

«ሁለቱ ወድቀውብኛልና ሁለት ይተካልኝ» አሉ የሜዳው ጄኔራል፣ ስለ ተሰበረ ወንበር የሚያወሩ ይመስል።

«ከማን ላይ ተወስዶ?» አሉ የተራራው። «የእኔን የነካ ከእኔ ጋር ነው የሚተዋወቀው።»

«ከእኔም ጋር» አለ የድልድዩ ጄኔራል።

የድልድዩ ጄኔራል የቋጣሪው ታላቅ ወንድም ነው። ያንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ቁመታቸውም ግትርነታቸውም አንድ ነው። ታላቅየው የሚጠብቀው ድልድይ ከወንዙ ላይ ሳይፈርስ የቀረ የመጨረሻው ነው። ከማዶ ጠላት አለ፣ ከወዲህ ከተማዋ። ድልድዩ ከተያዘ ጠላት ከተማዋ ለመግባት ጫማውን እንኳ አያረጥብም።

«ኮሎኔል፣ አንተስ ምን ትላለህ?» አሉ ዋና አዛዡ። ሽማግሌ ናቸው። ሰው ሲናገር ዓይናቸውን ስለሚጨፍኑ ብዙዎች የተኙ ይመስላቸዋል፤ እንዲህ እየመሰለው ጉድ የሆነ ሰው ቁጥር የለውም።

ቋጣሪው ተነሥቶ ቆመ። «ጌታዬ፣ ለሜዳው ምትክ አልሰጥም። እንዲያውም የሁሉንም ልወስድ ነው የመጣሁት።»

ክፍሉ ተንጫጫ። የተራራው ጄኔራል ወንበራቸውን ገፍተው ተነሡ፤ የሜዳው «ይሄ ሰው አሞታል» አሉ። ቋጣሪው ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ እስኪበርድላቸው ጠበቀ።

«በከተማችን አንድ የእሳት አደጋ መኪና አለ እንበል» አለ ድምፁን ሳያነሣ። «ሦስት ሰፈር ተጣላበት። እኛም ለማስታረቅ ለአንዱ ጎማውን፣ ለአንዱ ቱቦውን፣ ለአንዱ ደወሉን ሰጠን። ሁሉም የድርሻውን ደጁ ላይ አስቀምጦ ደስ አለው። እንግዲህ ደወሉ የደረሰው ሰፈር ቤቱ ሲቃጠል ምን ያደርጋል? ይደውላል!»

ዋና አዛዡ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ፈገግ አሉ።

«ቀልዱን ተወውና፣ ወስደህ ምን ልታደርግባቸው ነው?» አለ ወንድሙ።

«እስከ ዛሬ ጠላት ቀኑንም ቦታውንም ይመርጣል፤ እኛ እየዞርን እንጠብቀዋለን። በዚህ ዓይነት አንድ ቀን አውሮፕላንም አብራሪም አይተርፈንም። ግን እሱም አንድ ልማድ አለው። አንድ ላይ እንደሚመጣ ሁሉ አንድ ላይ ይመለሳል። ሁሉም ነዳጅ ጨርሰው፣ ያላቸውም አንድ መንደርደሪያ፣ አንድ የነዳጅ መጋዘን ነው። ካረፉ በኋላ እንደ ዳቦ ቤት ሰልፍ ተደርድረው ተራ ይጠብቃሉ። መሬት ላይ ነዳጅ የሚጠብቅ ተዋጊ አውሮፕላን ከቆመ አውቶቡስ በምንም አይለይም። በዚያች ሰዓት ያለን ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ ከላያቸው ብንደርስ ሰማዩ የእኛ ነው። ሰማዩ የእኛ ከሆነ ደግሞ ለሦስታችሁም እደርሳለሁ። አንድ ጠዋት ስጡኝ።»

«ከመመለሳቸው በፊት እኮ ይመጣሉ» አለ ወንድሙ ቀስ ብሎ። «የሚመጡት የት ነው?»

ቋጣሪው ከቤቱ ሲነሣ ጀምሮ የፈራው ይህን ጥያቄ ነበር። «የሜዳውን ጨርሰዋል። ቀጥሎ የሚፈልጉት ድልድዩን ነው» አለ። «ያን ጠዋት ድልድዩ ላይ ዣንጥላ አይኖርም። መጥተው፣ መትተው እስኪመለሱ ድረስ አንነካቸውም።»

ወንድሙ ወደ ካርታው ጎንበስ ብሎ ጣቱን ድልድዩ ላይ አሳረፈ።

«ካንድ ማኅፀን የወጣ ወንድምህ ጣሪያ ላይ ቆርቆሮውን ልትነቅል ነው?»

«ጄኔራል፣ እርስዎ አናት ላይ ያሉት ቆርቆሮ አይደሉም። ሁለት ልጆች ናቸው። መንጋው ሲመጣ ይሞታሉ፤ የድልድዩ ጦርም እንደሆነ ከመመታት አይድንም።»

ወንድሙን «እርስዎ» ሲለው ሁለቱንም ቀፈፋቸው።

ዋና አዛዡ ዓይናቸውን ገለጡ። «ባይሳካስ?»

«ባይሳካ ድልድዩ ይሄዳል፤ ከተማዋም ትሄዳለች» አለ ቋጣሪው። «ወንድሜም ይሄዳል።»

ሽማግሌው ሁለቱን ወንድማማቾች ተራ በተራ አዩዋቸው። የተራራው ጄኔራል አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ በእጃቸው አስቆሟቸው። «ሌላ ሰው ይህን ቢጠይቀኝ ከዚህ ክፍል አባርረው ነበር» አሉ። «ምን እንደምታስይዝ እያወቅህ ስለጠየቅኸኝ ግን እሰጥሃለሁ። ሁሉም አውሮፕላን በአንተ እጅ ይግባ። አንድ ጠዋት!»

አውሮፕላኖቹ ከማግስቱ ጀምሮ ወደ ዋናው ጣቢያ ይጎርፉ ጀመር። ያን ቀን የነበረውን ሠርግ የሚመስል ግርግር ያየ መካኒክ ሁሉ እስከ ዛሬ ያወራዋል። ለካ የተራራው አንድ አውሮፕላን ጎማ አጥቶ በእንጨት ብሎክ ላይ ተቀምጦ ሲከርም፣ የሜዳው መጋዘን ውስጥ ያው ጎማ እስከ ጣሪያ ተከምሮ ነበር! የመካኒኮቹ አለቃ ክምሩ ከጭነት መኪና ሲወርድ አይተው ሁለት እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ቆሙ። «እኔ ስለዚህ ጎማ በየቢሮው ደጅ ስጠና ነው የከረምኩት» አሉ። «ይሄው የጎረቤት መጋዘን ውስጥ ተኝቶልኛል!» መጀመሪያ ተሳደቡ፣ ቀጥሎ ሳቁ፣ ከዚያ እጅጌያቸውን ጠቀለሉ። ቆመው የነበሩ አውሮፕላኖች አንድ በአንድ ነፍስ ዘሩ። ጅራታቸው ላይ የነበረው ምልክት ሁሉ በግራጫ ቀለም ተሸፈነና ማን የማን እንደነበር የሚለይ ጠፋ።

መሪያቸው «ዝምታ» የሚሏት ሴት አብራሪ ናት። ሬድዮ ላይ ሥራ ካላስገደዳት በቀር ከሦስት ቃል በላይ ስትናገር የሰማት የለም። ቋጣሪው ካርታው አጠገብ አቁሞ ነገራት።

«የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ከዚያ ማረፊያ ዳግመኛ አውሮፕላን እንዳይነሣ። መንደርደሪያውን ይሁን፣ ነዳጁን ይሁን፣ የቆሙትን ይሁን፣ መጀመሪያ የምትመቺውን እዚያ ስትደርሺ ዓይንሽ ይፍረድ። እኔ እዚህ ተቀምጬ መሪሽን አልጨብጥም።»

«እሺ።»

«ጥያቄ የለሽም?»

«አለኝ» አለች። «የድልድዩ ጄኔራል ሲጣሩ እኛ እንሰማለን?»

«አትሰሙም። የሚሰማው የዘመቻው ክፍል ነው። እኔ ነኝ የምሰማው።»

«ለእኛ ይሻላል» አለችና ጥቂት አሰበች። «ለእርስዎ ግን አይሻልም።»

ለእሷ ይህ ረጅም ንግግር ነበር። ቋጣሪው ቀኑን ሙሉ ከጆሮው አልወጣለትም።

ከዘመቻው በፊት በነበረው የመጨረሻ ዕለት አመሻሹ ላይ ታላቅ ወንድሙ ወደ ግንባር ከመመለሱ በፊት እናታቸው ቤት ጎራ አለ። ቋጣሪው የሚኖረው ከእናቱ ጋር ነው። ሦስቱም ራት ላይ ተቀመጡ፤ ማንኪያ ብቻ ነው የሚሰማው። እናትየው አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን አዩ።

«በልጅነታችሁ በኳስ ስትጣሉ ነበር እንዲህ የምትሆኑት» አሉ። «ወይ ጠቡን ንገሩኝ፣ ወይ ኳሱን አምጡልኝ።»

«ኳሱን የያዘው እሱ ነው፣ እማዬ» አለ ታላቅየው። «ሁሉንም ጠቅልሎ ይዞታል።»

«ይሄ ልጅ ሕፃን ሆኖ እንኳ ከአፉ አውጥቶ ይሰጥ ነበር እንጂ ስስት አያውቅም። ከያዘ ምክንያት አለው፤ ታላቅ ነህና ቻለው።»  እናትየው ግን በዚያው ትንፋሽ ወደ ታናሹ ዞሩ። «አንተ ደግሞ፣ ወንድምህን አንድ ነገር ቢነካው ደጄን አትረግጣትም። ነግሬሃለሁ። በሉ ብሉ፣ ምግቡ ቀዘቀዘ።»

ሲወጡ ቋጣሪው እስከ መኪናው ሸኘው። መንገዱ ላይ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ይጣደፋል፤ ባለሱቁ በሩን በግማሽ ዘግቶ ሬድዮ ያዳምጣል። ታላቅየው የመኪናውን በር ይዞ ቆመ።

«ነገ ብጠራህ ትመልስልኛለህ?»

«እመልስልሃለሁ፣ ጋሼ።»

«አውሮፕላን ላክልኝ ብልህስ?»

 ወንድሙ መልሱን አልጠበቀም፤ ትከሻውን ሁለቴ መታ መታ አደረገውና ገብቶ ሄደ።

ጠዋት የዘመቻው ክፍል ውስጥ ሰው ትንፋሹን ሰብስቦ ተቀምጧል። መስኮት የሌለው ክፍል ነው። በአንድ በኩል የራዳሩ ባለሙያ፣ በሌላ በኩል ማዳመጫ ያጠለቀች የሬድዮ ሠራተኛ፣ መሐል ላይ ካርታው። ዋና አዛዡ ጥግ ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። የዝምታ አውሮፕላኖች ጉሙ ሊገለጥ ሲል ተነሥተው ከተራራው ጀርባ ዝቅ ብለው ይጠብቃሉ። ከዚያ እስከ ድልድዩ ድረስ ጥቂት ደቂቃ ነው። ነገሩን መራራ ያደረገውም ይኸው ቅርበታቸው ነበር።

«ተነሥተዋል» አለ የራዳሩ ባለሙያ። «ሁሉም። ወደ ድልድዩ።»

ብዙም ሳይቆይ የወንድሙ ድምፅ በድምፅ ማጉያው መጣ። «ድልድይ ነው። መጥተዋል።» ከዚያ ቃል የማይገልጸው ጉርምርምታ ተከተለ። 

«አንዱ ጸረ አውሮፕላን መድፌ ተመታ» አለ ወንድሙ። ድምፁ የተረጋጋ ነው፤ ይህ ነው አንጀት የሚበላው። «ድልድዩ ቆሟል። ዞረው እየመጡ ነው። አንዴ ብቻ ከላዬ አባርርልኝ።»

ቋጣሪው ማይክሮፎኑን ሳበ። «አልችልም፣ ጋሼ።»

«ትችላለህ። ቅርብ ናቸው፤ አውቃለሁ።»

«እችላለሁ። ግን አልልክም።»

በድምፅ ማጉያው እሳት የሚንጣጣ፣ ሰው የሚጮህ ይሰማል። «ልጆቼ እዚህ ናቸው» አለ ወንድሙ። ልጆቼ የሚለው ወታደሮቹን ነው። ከዚያ አንድ ትልቅ ፍንዳታ ተሰማ፣ ቀጥሎም ድምፅ ማጉያው እልም አለ።

«ድልድይ፣ ድልድይ፣ ይሰማል?» አለች የሬድዮ ሠራተኛዋ። «ድልድይ፣ ይሰማል?» ደጋግማ ጠራች። ከዚያ ዞራ ቋጣሪውን አየችው፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

 ቋጣሪው የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘ። ከፊቱ ያለችው ሁለተኛዋ ማይክሮፎን ከዝምታ ጋር የምታገናኘዋ ናት። አንዲት ቃል ቢተነፍስባት አውሮፕላኖቹ ሁሉ ዞረው ወንድሙ አናት ላይ ይደርሳሉ። ጥቂት ይጥሉ ይሆናል። የቀረው ጠላት ነገ ይመለሳል፤ ተነገ ወዲያም ይመለሳል። ይህን ሁሉ ያውቃል። ግን ማወቁ ምን ይጠቅመዋል? ጣቱ ሳያዝዘው ሄዶ የማይክሮፎኗ ቁልፍ ላይ አረፈ። እናቱ ፊቱ ላይ ድቅን አሉበት። ወንድሜን በገዛ እጄ አስበላሁት አለ በልቡ፤ በሕይወቱ እንደዚያች ሰዓት ራሱን የጠላበት ጊዜ የለም። ጥርሱን ነከሰ፣ ጣቱን አነሣ፣ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተው።

ዋና አዛዡ ዓይናቸውን ገልጠው ሁሉንም አይተዋል። 

«እየተመለሱ ነው» አለ የራዳሩ ባለሙያ። ቋጣሪው አሁንም ጠበቀ። ራዳሩ ላይ ያሉት ነጥቦች ወደ ማረፊያቸው ሲጠጉ፣ ዝቅ ሲሉ፣ ከፊት የነበሩት አንድ በአንድ ሲጠፉ አየ። ጠፉ ማለት አረፉ ማለት ነው። ያን ጊዜ እጁን ከኪሱ አወጣ።

«ዝምታ፣ ሂጂ።»

«እሺ።»

ከዚያ ወዲያ የነበረው ጥበቃ ለሰው አይድረስ። በመጨረሻ ድምፅዋ መጣ፤ ውሃ እንደምትጠጣ ሰው የቀዘቀዘ ድምፅ። «ግማሾቹ አርፈው ተሰልፈዋል። ግማሾቹ አየር ላይ ተራ ይጠብቃሉ።»

«ነዳጁን በላት!» አሉ ዋና አዛዡ ከወንበራቸው ብድግ ብለው። «የነዳጅ መጋዘኑ ላይ ትውረድ!»

ቋጣሪው መዳፉን ማይክሮፎኑ ላይ ጣል አደረገ። «ጌታዬ፣ እኛ የምናየው ካርታ ነው። እሷ የምታየው ማረፊያውን ነው። ይተዋት።»

ሽማግሌው እንዲህ ተብለው አያውቁም። ግን ተመልሰው ተቀመጡ።

ዝምታ ምን እንዳደረገች በኋላ አብራሪዎቿ በየጠረጴዛው እያስመሰሉ ሲያወሩት ከረሙ። ነዳጁን ለኋላ ትታ መጀመሪያ መንደርደሪያውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አረሰችው። አየር ላይ የነበሩት የጠላት አውሮፕላኖች ነዳጃቸው ተሟጥጧል፤ የሚያርፉበት የለም፤ ለመዋጋት አቅም የለም። አብራሪዎቻቸው በፓራሹት እየዘለሉ አውሮፕላኑን ለጫካው ተዉት። አውሮፕላኖቹ ተኩስ ሳይከፈትባቸው አለቁ! መሬት ላይ የተሰለፉት ደግሞ ወደፊት እንዳይሄዱ መንገድ የለም፣ ወደኋላ እንዳይሄዱ ጓደኛቸው ቆሟል። የቀሩት አውሮፕላኖቻችን ከሁለት ወገን ገቡባቸው። መጋዘኑ የነደደው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው፤ ጭሱ ከወንዙ ወዲህ ድረስ ታየ።

«ጨርሰናል» አለች ዝምታ። «የሚነሣ የለም። የሚያርፍም የለም።»

«እናንተስ?» አለ ቋጣሪው።

«ሁላችንም አለን።»

ክፍሉ በጩኸት ተሞላ። የራዳሩ ባለሙያ ወንበሩ ላይ ወጣ፤ ዋና አዛዡ ጠረጴዛውን በቡጢ እየደበደቡ «ልጆቼ! አንጀቴን አራሳችሁት!» ይላሉ። ቋጣሪው ብቻ አልሳቀም። «ነዳጅና ጥይት ሞልተው ወዲያው ወደ ድልድዩ» አለ። «ሁሉም።» ከዚያ ወደ ሬድዮ ሠራተኛዋ ዞረ። «ጥሪ።»

«ድልድይ፣ ይሰማል?» ምንም የለም።

ቀትር ላይ ጠላት ታንኮቹን በማዶው ሜዳ ላይ ፊት ለፊት አሰልፎ ወደ ድልድዩ ነዳቸው። አናቱን ቀና ብሎ አላየም፤ እስከ ዛሬ ሰማዩ የእሱ ነበርና ለምን ያያል? አውሮፕላኖቻችን ሁሉ ባንድነት ከደመናው ሥር ብቅ ሲሉ የማዶው ጦር የራሱ መስሎት እጁን አውለበለበ። ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። የተሰለፈው ታንክ ተሰልፎ ቀረ። የተረፈው ጦር መሣሪያውን እየጣለ በመጣበት ተመለሰ።

«ድልድዩ ቆሟል» አለች ዝምታ።

«ሰውስ አለ?»

«ከየጉድጓዱ እየወጡ ይሮጣሉ። ኮፍያ ይወረውራሉ።»

«ጄኔራሉስ?»

«ከላይ ሲታይ ጄኔራልና ወታደር አይለይም።»

ስልኩ ጮኸ። እናቱ ናቸው፤ ይህን ቁጥር ለክፉ ቀን ብሎ ሰጥቷቸው ነበር። ከተማው ሁሉ ጣሪያ ላይ ወጥቷል አሉ፤ አውሮፕላን ሰማዩን ሞላው፤ የማን ናቸው?

«የእኛ ናቸው፣ እማዬ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«እሰይ! እሰይ የኔ ጌታ!» አሉ። ከበስተኋላቸው የሰፈሩ እልልታ ይሰማል። ከዚያ ድምፃቸው ቀነሰ። «ወንድምህስ?»

ቋጣሪው ምን ይበላቸው? «እደውልልሻለሁ» አለና ስልኩን ዘጋው።

ከሰዓት በኋላ የፊት መስታወት የሌላት አንዲት መኪና ጣቢያው በር ላይ ቆመች። ዘበኛው ነጂውን መታወቂያ ጠየቀው፤ ጄኔራል መሆኑን በምን ይወቅ? ከእግር እስከ ራሱ አመድ ለብሷል፣ አንድ ጆሮው በጨርቅ ተጠምጥሟል። መንደርደሪያው ዳር መካኒኮቹ አብራሪዎችን በትከሻቸው ተሸክመው ይጨፍራሉ፤ ዝምታን እንኳ ሳትወድ በግድ አስቀዋታል። ቋጣሪው ከጭፈራው ገለል ብሎ ቆሞ ነበር። ዞር ሲል ታላቅ ወንድሙ ከፊቱ ቆሟል።

መጀመሪያ ማየቱን አላመነም።  «ጋሼ» ብቻ አለ። እንባው ጉንጩ ላይ ወረደ፤ ሊደብቀውም አልሞከረም።

ወንድሙ ፊቱን አጥቁሮ ቆመ። «የቀበርኳቸው ልጆች አሉ» አለ። «ስማቸውን አንድ በአንድ እነግርሃለሁ። ዛሬ አይደለም።»

«እሺ፣ ጋሼ።»

«ዛሬ ግን የተረፈው ሠራዊቴ በእግሩ ቆሞ ሲጨፍር ትቼው መጣሁ። ከተማዋም አለች።»

«ሬድዮህ ሲመታ ያበቃልህ መስሎኝ...»

«ሬድዮው አልተመታም።»

ቋጣሪው አልገባውም። ወንድሙ አመዱን ከፊቱ በእጅጌው ጠረገ።

«ሁለተኛው ዙር ሲመጣ ማይክሮፎኑ እጄ ላይ ነበር» አለ። «ልጠራህ ነበር። እንደ ጄኔራል አይደለም፤ እንደዚያማ ጠርቼህ እምቢ ብለኸኛል። እንደ ወንድም ልጮህብህ ነበር። ከዚያ ገመዱን ነቀልኩት። ለልጆቹም ነገርኳቸው፤ ዛሬ ማንም አይመጣልንም፣ ጉድጓዳችሁን አጥልቁ፣ ይህችን ዙር ከቻልናት ሰማዩ የእኛ ነው አልኳቸው።»

ከኋላቸው ጭፈራው ደራ። ሁለቱ ወንድማማቾች ፊት ለፊት ቆመው ተያዩ።

«እውነቱን ንገረኝ» አለ ታላቅየው። «አንድ ጊዜ ጮኼ ብጠራህ ኖሮ ትልካቸው ነበር?»

ቋጣሪው መዋሸት ይችል ነበር። ዋና አዛዡም፣ ዝምታም፣ ከተማው ሁሉ ያምነው ነበር።

«እልካቸው ነበር፣ ጋሼ» አለ።

«አውቃለሁ» አለ ወንድሙ፤ አንገቱን አቅፎ አመድ የለበሰ ደረቱ ላይ ለጠፈው። «ለዚህ እኮ ነው የነቀልኩት።»